ይቅደሙ ስንባባል የሚዘጋው በር

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ምድር ቤት ካለው የሊፍት በር ፊት ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ለጉዳይ የመጡ ሁለት አባቶች፣ አንዱ ጋቢ ደርበው ሌላው በርኖስ ለብሰው፣ ቆመው ይጠብቃሉ። በሩ ይከፈታል። አንደኛው «ይቅደሙ» ይላሉ። ሁለተኛው እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው «ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይላሉ። «እርስዎ እያሉማ እንዴት ተደርጎ!» ይባላል። ሦስተኛው «ይቅደሙ» ሳያልቅ በሩ ይዘጋል፤ ሊፍቱም ማንንም ሳይዝ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሁለቱ ሰዎች የተዘጋውን ብረት እያዩ ይቀራሉ።

ይህን ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ሁለቱም የሚያውቁትን ወግ በትክክል ፈጽመዋል። ያ ወግ የተለመደው ሰው ካልዘጋው በማይዘጋ በር ላይ ነው። የጎጆ በር፣ የግቢ በር፣ የቤተ ክርስቲያን በር ሁሉም ሰው ተግባብቶ እስኪገባ ይጠብቃል። የሊፍት በር ግን ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ በሰከንድ ተቆጥሮ የተወሰነለት ስለሆነ ተከባብረን እስክንጨርስ አይታገሠንም። ስለዚህ ስለ ሊፍትና ስለ ደረጃ ሥነ ሥርዓት ሳስብ የሚያሳስበኝ፣ ይህ የራሳችን አክብሮት በዚያች ጠባብ ሳጥን ደጃፍ ላይ ሳይሰበር እንዴት ይለፍ የሚለው ጥያቄ ነው።

ያደግኩት ከጣርማ በር ቁልቁል፣ ደብረ ሲና አካባቢ ነው። በቤታችን ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ይነሣል፤ የገቡትም «በእግዜር! ኧረ ተቀመጡ» ብለው ይለምናሉ። ደህና ቦታ የያዘ ሰው ያንን ቦታ ከእርሱ ይልቅ ለሚገባው ሰው ይለቃል ማለት ነው። እኔ ደረጃን የምመለከተው በዚህ ዓይን ነው። ጉልበቱ የሚችል ሰው፣ በሊፍቱ ፊት የተሰበሰበውን ሕዝብ አይቶ ወደ ደረጃው ሲያቀና፣ ለማያውቀው ሰው «ኖር» ብሎ መነሣቱ ነው። የሚያመሰግነው ላይኖር ይችላል። ነገር ግን በእኛ ሕንፃ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ምድር ቤት የሚቆመውን ሰው ያየ ሁሉ፣ አምስት ወጣቶች በደረጃ ቢወጡ አንዲት ነፍሰ ጡር ምን ያህል መቆም እንደሚቀርላት ይረዳል።

ይሁን እንጂ «ወጣት ሁሉ በደረጃ ይውጣ» የሚል ሕግ ላወጣ አልፈልግም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የማያቸው ፈራጆች ያሳዝኑኛል። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ልጅ ለአንድ ፎቅ ሊፍት ስትይዝ አንድ ሰው በሰው ፊት «በዚህ ዕድሜሽ?» ብሎ ገሠጻት፤ እርሷም አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ልጅቱ የልብ ሕመምተኛ ናት። በልጅነት በደንብ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም ውሎ አድሮ የልብን በሮች ሊጎዳ ይችላል፤ በአገራችንም በዚህ ምክንያት ደረጃ መውጣት የከበዳቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ፊታቸው ላይ የተጻፈ ምልክት ግን የለም። አስም ያለበት፣ ጉልበቱን የተቀደደ፣ ገና ከወሊድ የተነሣች ሴትም እንዲሁ ናቸው።

የከተማችን ከፍታም ሊዘነጋ አይገባም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው፤ በአንድ እስትንፋስ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ከሸዋ ሮቢት ጠዋት ተነሥቶ የመጣ ሰው 1,500 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቶ ነው ከሕንፃችን በር የሚደርሰው። እኛ ሳናስበው የምንወጣቸው አራት ፎቆች ለእርሱ ሌላ ተራራ ናቸው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልቀመሰ፣ በረመዳን ውኃ ያልጠጣ ሰውም ደረጃውን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። ደረጃ መውጣት እንግዲህ እያንዳንዱ ራሱን መርምሮ የሚወስነው ነገር ሆኖ ይቆይ፤ ሌላውን የምናስገድድበት አይሁን።

አሁን የምናገረውን ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል። በሥራ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጠዋት ረፍዶብኝ እየሮጥኩ ሊፍቱ ውስጥ ገባሁ። ብቻዬን ነበርኩ። በአዳራሹ ወለል ላይ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ፤ አንድ ሽማግሌ እየመጡ እንደሆነ አውቄያለሁ። እኔ ግን የመዝጊያውን ቁልፍ ተጫንኩ። ሊፍቱ ከዚያ በኋላ ላይኛው ፎቅ ላይ ዕቃ ሲጭኑበት ስለነበር ቶሎ አልተመለሰም። ሩብ ሰዓት ያህል አልፎ እኒያ ሰው ግንባራቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ከእኔው ጠረጴዛ ፊት ቆሙ፤ በደረጃ ነበር የመጡት። ወንበር ስሰጣቸው «እደግ የኔ ልጅ» ብለው መረቁኝ። በሩን የዘጋሁባቸው እኔ መሆኔን አላወቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመዝጊያውን ቁልፍ ነክቼው አላውቅም፤ በሩ በራሱ ጊዜ ይዘጋል፤ የምናተርፈውም ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ብቻ ነው።

ለመጀመሪያው ችግር፣ ማለትም ለ«ይቅደሙ»ው፣ መፍትሔው አክብሮቱን ማሳጠር እንዳልሆነ አምናለሁ። ከቡድኑ መካከል በዕድሜ የሚያንሰው ሰው በሩን ይያዝ። ሊፍቱ እዚያው ፎቅ ላይ እስካለ ድረስ ከውጭ ያለውን የመጥሪያ ቁልፍ ተጭኖ ቢይዝ በብዙ ሊፍቶች በሩ አይዘጋም፤ ውስጥ ከሆነም ወደ ውጭ የሚያመለክቱ ሁለት ቀስቶች ያሉበትን ቁልፍ ይጫን። ያን ጊዜ ትልልቆቹ የፈለጉትን ያህል ይገባበዙ። «ትንሹ ቀድሞ ገብቶ በሩን ቢይዝ ነውር አይሆንም ወይ?» ብለው የጠየቁኝ ሰዎች አሉ። የገጠሩን ልማድ ማስታወስ ይበቃል፤ ወደ ሰው ግቢ ስንሄድ ውሻ ሊያስይዝ የሚቀድመው ልጅ ነው፤ ይህን እንደ ድፍረት የቆጠረ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። «በሩን ልያዝልዎት» ብሎ መግባትም ያው ነው። ከዚህ በፊት ግን ከውስጥ የሚወጣው ሰው ሁሉ እስኪወጣ ከበሩ ገለል ብሎ መቆም ያስፈልጋል። በሩ ላይ እንደተገናኙ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስሞ የቤተሰብ ደኅንነት መጠያየቅ ያምራል፤ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ያምራል።

አለባበሳችንን በተመለከተ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሊፍት በር መካከሉ ላይ ሰው ወይም ወፍራም ዕቃ ሲያገኝ ተመልሶ ይከፈታል፤ ስስ ጨርቅ ግን ላይታወቀው ይችላል። የነጠላ ጥለት፣ የጋቢ ጫፍ፣ የሕፃን ማዘያ ዘርፍ በበሩ መካከል ተይዞ ሊፍቱ ቢነሣ የሚከተለው አደጋ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከመግባት በፊት ልብስን ሰብስቦ መያዝ፣ ትልቅ ሰው ሲገቡም የልብሳቸው ጫፍ ወደ ኋላ እንዳልቀረ ማየት የአጠገባቸው ሰው ግዴታ ነው። የሚዘጋ በርን በከዘራ ወይም በዣንጥላ ለማስቆም መሞከርም በዚሁ ምክንያት መቅረት አለበት።

ስለ መጥሪያ ቁልፎቹም ብዙዎቻችን የተሳሳትነው ነገር አለ። ቀስቶቹ የሚጠይቁን ሊፍቱ ያለበትን ሳይሆን እኛ የምንሄድበትን ነው። ከሁለተኛ ፎቅ ወደ ላይ መሄድ የፈለገ ሰው ሊፍቱ ከላይ ስላለ «ይውረድልኝ» ብሎ የታቹን ቀስት ይጫናል፤ ቶሎ እንዲመጣለት ሁለቱንም የሚጫንም አለ። ውጤቱ ሊፍቱ ለማይገባ ሰው መቆሙ፣ በውስጡ ያሉትም ተከፍቶ የሚዘጋ ባዶ በር ማየታቸው ነው። ይህን ለማያውቅ ሰው ቀስ ብሎ ማስረዳት መልካም ነው፤ ሠራተኞች እርስ በርስ ተያይተው ሲሣሣቁ ያየሁበት ቀን ግን አለ፤ ይህ ደግሞ ነውር ነው። ከመንዝ ወይም ከአንኮበር ገጠር ለፍርድ ቤት ጉዳይ የመጣ ገበሬ እኛ የማናውቀውን ስንት ነገር ያውቃል!

ደወሉ ሲጮኽስ ማን ይውረድ? በእኛ ሊፍት ውስጥ የተለጠፈው ጽሑፍ 8 ሰው ወይም 630 ኪሎ ይላል። ሰው የተቆጠረው በ75 ኪሎ ሒሳብ ስለሆነ፣ እህል ወይም የወረቀት ካርቶን የያዘ ሰው ሲጨመር ስድስት ሰው ሆነንም ደወሉ ሊጮኽ ይችላል፤ ከመጠን በላይ ሲጫን ደግሞ በሩ ሳይዘጋ ይቆያል። የተለመደው ሕግ «መጨረሻ የገባው ይውጣ» የሚል ነው፤ ምክንያታዊም ነው፤ በሩ አጠገብ የቆመው እርሱ ነውና። እኔ ግን መጨረሻ የገቡት እናት ወይም ሽማግሌ ከሆኑ ሕጉ ይሻር እላለሁ። በዚያ ጊዜ ሁሉም ጣሪያውን ሲያይ የሚያልፉት ሰከንዶች ከባድ ናቸው፤ ሽማግሌው ራሳቸው አፍረው ከመውረዳቸው በፊት አንድ ጎልማሳ «እኔ በደረጃ እወጣለሁ» ብሎ ቢወጣ ሁሉንም ያሳርፋል። ሆስፒታል ውስጥ ከሆነ ጥያቄም የለውም። በገጠራችን ቃሬዛ ሲመጣ መንገደኛው ሁሉ መንገዱን ይለቃል፣ ተራ ገብቶም ይሸከማል፤ የታማሚ አልጋ ወደ ሊፍት ሲመጣ መውጣት የዚያው ልማድ ትንሹ ክፍል ነው።

ስለ ሰላምታ አጭር ነገር ልበል። በሸዋ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው እጅ ሳይነሡ፣ «እንደምን ዋሉ» ሳይሉ ማለፍ እንደ ትዕቢት ይቆጠራል። በአንድ ክንድ ርቀት ከሰው ጋር ቆሞ ስልክ ላይ ማፍጠጥ እንዴት ጨዋነት እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም። ሲገቡ ለሁሉም አንድ ጊዜ «ጤና ይስጥልኝ» ማለት፣ ሲወጡም «በሰላም ዋሉ» ማለት ይበቃል። የግል ጉዳይን ድምፅ ከፍ አድርጎ በስልክ ማውራትን ግን እስከምንወርድ ድረስ ብናቆየው መልካም ነው።

እናቴ መጀመሪያ ወደ ቢሮዬ የመጣች ጊዜ ሊፍቱን ፈራችው። ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃውን አትችልም፤ «ገመዱ ቢበጠስስ ልጄ?» አለችኝ። ልትሥቅባት የሞከረች ሴት ነበረች፤ ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ የዓለም ሰው ሁሉ በአንድ ዘመን የጠየቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ኤሊሻ ኦቲስ የተባለ አሜሪካዊ በኒው ዮርክ ኤግዚቢሽን ላይ፣ ከፍ ባለ መድረክ ላይ ራሱ ቆሞ የተንጠለጠለበትን ገመድ በሕዝብ ፊት አስቆረጠ፤ መድረኩ ጥቂት ዝቅ ብሎ በፍሬኑ ቆመ። ሰው የሚያጓጉዘው የመጀመሪያ ሊፍቱ እዚያው ከተማ በአንድ መደብር ውስጥ የተተከለው ከዚያ በኋላ፣ በ1857 ነው። የዛሬዎቹ ሊፍቶች በብዙ የብረት ገመዶች የሚያዙ ከመሆናቸውም በላይ፣ ከልክ በላይ ሲፈጥኑ ሐዲዱን ጨብጦ የሚያቆማቸው ፍሬን አላቸው። ይህን ለእናቴ ከቡና ጋር ቁጭ ብዬ ነገርኳት፤ በማግስቱ እጄን ይዛ ገባች። የፈራን ሰው መጎተት አይገባም። የሚቻል ከሆነ አብሮ መጠበቅ፣ የማይቻል ከሆነም አብሮ በደረጃ መውጣት ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውንም ደርሶብኝ አይቼዋለሁ። በሁለተኛና በሦስተኛ ፎቅ መካከል አምስት ሰዎች ሆነን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን። ሳጥኑ አየር የሚያስገባ ስለሆነ መታፈን የለም፤ አደጋው ያለው በሩን በጉልበት ለመፈልቀቅ መሞከር ላይ ነው። የደወሉን ቁልፍ ተጭነን፣ ለጥበቃው ስልክ ደውለን፣ በአንድ ሰው ስልክ ብርሃን ብቻ ተጠቅመን ጠበቅን። አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ስለነበር የቆምነው ሁሉ ጠርዝ ይዘን መሃሉን ለቀቅንላት፤ አንድ ሰው ካፖርቱን አንጥፎ አስቀመጣት። እሳት ቢነሣ ደግሞ ማንም ሰው ሊፍት መጠቀም የለበትም፤ ያን ጊዜ መውረጃው ደረጃ ብቻ ነው፤ መራመድ የማይችሉትን ተሸክሞ ማውረድም የሌሎቻችን ድርሻ ነው።

በሌላ ጊዜ እናቴን ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ሊፍቱ ይሠራል፤ በሩ ላይ ግን «ለሠራተኞች ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጥበቃውን ለመንኩት፤ የታዘዘውን እንደሚፈጽም ነገረኝ፤ እርሱን አልወቅስም። እናቴ ሦስት ፎቅ በየማረፊያው እየተቀመጠች ወጣች። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። የሚሠራውን ሊፍት በወረቀት መዝጋት ከዚህ አዋጅ መንፈስ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ማንም ሊያስረዳኝ አልቻለም። ባለጉዳይ ቆሞ ሠራተኛ የሚቀመጥበት ቤት «ኖር» የማይባልበት ቤት ነው።

ደረጃውም የራሱ ሥርዓት አለው፤ ይህንንም የተማርኩት ከሕንፃ በፊት ነው። ከጣርማ በር በታች ባለው አቀበት እናቴ እንዲህ ታዘኝ ነበር፤ ከትልቅ ሰው ጋር ሽቅብ ስትወጣ ከኋላ ሁን፣ ቁልቁል ስትወርድ ከፊት ሁን፣ ቢያዳልጣቸው የሚደገፉብህ አንተ ነህ። ሸክም የያዘ ሰው ካጋጠመህ መንገዱን ልቀቅለት። እነዚህ ሁለት ትእዛዞች ለሲሚንቶው ደረጃ ሳይቀየሩ ይሠራሉ። ቀኝ ይዞ መሄድ፣ የግድግዳው መደገፊያ ለሚያስፈልገው ሰው መተው፣ ወሬ ከመጣ ማረፊያው ላይ ጥግ ይዞ መቆም ይጨመርባቸው። ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ደረጃውን ስትወለውል ያገኘናት እንደሆነም «አይዞሽ፣ በርቺ» ብሎ ፈቃድ ጠይቆ በደረቀው ወገን ማለፍ እንጂ ድካሟን መርገጥ አይገባም። ሕንፃ ለሚያሠሩም አንድ ልመና አለኝ፤ ሁለት የደረጃ ከፍታና አንድ መርገጫ ሲደመር ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ቢሆን እግር ይመቸዋል፤ ከሁሉ በላይ ግን ሁሉም ደረጃዎች እኩል ይሁኑ። በእኛ ሕንፃ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ አንዱ ደረጃ ከሌሎቹ ጥቂት ከፍ ስለሚል፣ እዚያች ቦታ ላይ ያልተደናቀፈ እንግዳ የለም። በመጀመሪያ የሚመጣ ሰው ከፊቴ ካለ «እዚህ ጋ ይጠንቀቁ» ማለት ልማዴ ሆኗል።

ባለፈው የካቲት ሊፍቱን ለመፈተሽ የመጣውን ባለሙያ ደረጃው ሥር ከምትሸጠው ልጅ ቡና ጋበዝኩትና ስለ ሽማግሌዎቹ ነገርኩት። በሩ ክፍት የሚቆይበት ጊዜ በመቆጣጠሪያው ላይ ሊስተካከል እንደሚችል፣ የሕንፃው አስተዳደር ከፈቀደ እንደሚያረዝመው አስረዳኝ። አስተዳደሩ ፈቀደ፤ ጥቂት ሰከንዶች ተጨመሩ። ዓርብ ዕለት ከምሳ ስመለስ ሁለት አባቶች በሩ ፊት ቆመው አገኘኋቸው። አንዱ «ይቅደሙ» አሉ፤ ሌላው «ኧረ በሞቴ» አሉ፤ አንዱ ደግሞ መልሰው «እርስዎ እያሉማ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ክንድ ለክንድ ተያይዘው እኩል ገቡ፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ሰብስቤ ሰጠኋቸውና እኔ በደረጃው ወጣሁ።